ባለቤቱ ማን ነው? የመንዝ ጓሳ ሥርዓትና ስለ ወል ሀብት የተሰነዘሩ ሦስት ሐሳቦች ሲመረመሩ

ስለ ልማት በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ አራት ቃላት ዘወትር ተያይዘው ይገኛሉ። ልማቱ ግልጽ ይሁን፤ ሁሉን ያካተተ ይሁን፤ የአካባቢው ሕዝብ የሚመራው ይሁን፤ ዘላቂም ይሁን ይባላል። አራቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጐን ለጐን ሲሰለፉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። አንዱ ካለ ሦስቱ ተከትለውት የሚመጡ ስለሚመስለንም፥ የአገሩ ሰው የመራውን ሥራ ሁሉ ሳንመረምር ፍትሕ ያለበት ነው ብለን እንቀበላለን፤ ደግሞም ሁሉን እኩል የሚያደርግ ሕግ በወጣ ጊዜ መሬቱና ሣሩ ከዚያው ጋር የሚጠበቁ ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ማሳየት ነው። አራቱ ቃላት እርስ በርሳቸው የሚጣሉበት ጊዜ አለ፤ ጠባቸውን አይቶ ለማስታረቅ የማይደክም ሰው አንዱን ይዞ ሦስቱን ይጥላል።

በባዶ ቃል እንዳንከራከር አንድ የታወቀ ቦታ መርጫለሁ፤ ይኸውም የመንዝ ጓሳ ነው። በመጀመሪያ ቦታውንና ሥርዓቱን ባጭሩ እገልጻለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ወል ሀብት የተጻፉ ሦስት ሥራዎችን አንድ ባንድ ከዚሁ ቦታ ጋር እያገናዘብኩ እመረምራለሁ። በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ለዛሬው ሥራ የሚረዳ ምን ትምህርት እንደሚገኝ እናገራለሁ።

፩. ጓሳና የቄሮ ሥርዓት

ጓሳ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፥ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የሚገኝ ብርዳም ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎሜትር ይደርሳል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ረጅም የጓሳ ሣር ነው። ለከተማ ሰው ሣር ያው ሣር ነው፤ ለመንዝ ገበሬ ግን ይህ ሣር የቤት ክዳን ነው፤ ገመድ ነው፤ በዝናብ ጊዜ የሚደረብ ጌሳ ነው። ከዚያው ቦታ ለማገዶ የሚሆን ቍጥቋጦ ይለቀማል። ድርቅ በሆነ ዓመትም ከብቱና በጉ ነፍሱን የሚያቈየው በዚያ ግጦሽ ነው። በመንዝ በርኖስና ዝተት የሚሠሩት ከበግ ጠጕር ስለ ሆነ፥ የግጦሹ ነገር የልብስም ነገር ነው። ከዚህ ሌላ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት በመሆኑ በውጭ አገር ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ቦታ ሆኗል።

ይህ ቦታ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ቃሉ በዘመናችን በሌላው የአገራችን ክፍል ከታወቀው የወጣቶች መጠሪያ ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም ነገሩ ሌላ ነው። ባለመብቶቹ አስቦና ጌራ ከተባሉት የጥንት አባቶች የሚወለዱ ባለርስቶች ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም አባ ቄራ ይባላል። ቦታው መቼ እንዲዘጋና መቼ እንዲከፈት፥ ሣሩም እንዴት እንዲታጨድ በእነዚህ አለቆች በኩል ይወሰናል። ሣሩ በደንብ እስኪያገግም ድረስ ቦታው ሦስትም አምስትም ዓመት በተከታታይ ተዘግቶ የሚቈይበት ጊዜ ነበር። የሚከፈተው በበጋ ነው። ክረምቱ ሲገባ ግን የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣል። ጥበቃው ደመወዝ ያለው ዘበኛ አልነበረውም፤ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራው እየወጣ ይጠብቃል፤ ሕግ የጣሰውም ይቀጣል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ በተለይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የመውጫው ቀን ከታወቀ የጾም መፍቻ ጋር ተያይዟል። ማስታወቂያ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሐምሌ 5 መቼ እንደ ሆነ ያውቃል። በማግሥቱ በጓሳ ላይ ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው አልሰማሁም ለማለት አይችልም፤ ያየውም ሰው ጥፋት መሆኑን ለማወቅ ዳኛ መጠየቅ አያስፈልገውም። ዛሬ ግልጽነት የምንለው ነገር በወረቀት፥ በማኅተምና በሪፖርት የሚገኝ ይመስለናል። የመንዝ ሰዎች ግን ያለ ወረቀት አግኝተውት ነበር፤ ሕጉን ሁሉም በሚያውቀው ቀን ላይ ሰቅለውታልና።

፪. የሃርዲን እረኛ

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወል ሀብት ስለሚደርስበት አሳዛኝ ፍጻሜ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ምሳሌው ቀላል ነው። ለሁሉ ክፍት የሆነ ግጦሽ አለ እንበል። አንድ እረኛ አንድ ከብት ቢጨምር ትርፉ በሙሉ የራሱ ይሆናል፤ በሣሩ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ግን ለሁሉ ይከፋፈላል። ስለዚህ ትርፉን የሚያሰላ እረኛ ሁሉ አንድ ከብት ይጨምራል፤ ደግሞ ሌላ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ግጦሹ ጠፍቶ ሁሉም ይከስራል። ከዚህ ጥፋት ለመዳን መሬቱን ለየግሉ ማካፈል ወይም በመንግሥት ኀይል መቈጣጠር ይገባል ወደሚል ውሳኔ ያደርሰናል።

ለጸሐፊው ፍርድ እንዳናጓድል ሁለት ነገር መናገር ይገባል። አንደኛ፥ የጽሑፉ ዋና ጕዳይ የሕዝብ ቍጥር መብዛት ነበር፤ ግጦሹ የመጣው በምሳሌነት ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ሃርዲን ራሱ በ1994 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ነገሩ የሚሠራው አስተዳዳሪ ለሌለው የወል ሀብት መሆኑን በመግለጽ ሐሳቡን አጥብቦታል። ይሁን እንጂ ምሳሌው ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ ብቻውን መዞር ጀምሯል። የወል ሆኖ የተያዘ መሬት ባየ ቍጥር «ይህ የሚጠፋ ነው» ለማለት የሚቸኵል ባለሥልጣንና የልማት ሠራተኛ፥ ጽሑፉን አንብቦም ሆነ ሳያነብ የሚናገረው በሃርዲን አፍ ነው።

የሃርዲን እረኛ ጕድለቱ ስግብግብ መሆኑ አይደለም፤ ስግብግብ እረኛ በመንዝም አለ። ጕድለቱ ጎረቤት የሌለው መሆኑ ነው። ስም የለውም፤ አባት የለውም፤ አጥቢያ የለውም፤ በበዓል ቀን ፊታቸውን የሚያያቸው ሰዎች የሉትም። ከብቶቹን ይቈጥራል፤ ከሌላው እረኛ ጋር ግን አንድ ቃል አይነጋገርም። እንዲህ ያለ ሰው በገጠር ይኖራል ብሎ የሚያምን የገጠር ልጅ አላየሁም።

ቋንቋችንም ቢሆን የሃርዲንን ስሕተት ለማየት ይረዳናል። «የማንም ያልሆነ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «የወል» ማለት ሌላ ነው። የማንም ያልሆነ ነገር ያገኘ የሚወስደው ነው። የወል የሆነው ግን ባለቤቶች አሉት፤ ባለቤቶቹ ብዙ መሆናቸው ባለቤት የለውም አያሰኝም። «ወል» እና «ውል» የሚባሉት ሁለት ቃላት በድምፅ እጅግ ይቀራረባሉ። ዝምድናቸውን መመርመር የቋንቋ ሊቃውንት ተግባር ቢሆንም፥ በመንዝ ወል ያለ ውል እንዳልነበረ ግን በእርግጥ ለመናገር እንችላለን። ከ300 ዓመት በላይ የኖረ የወል ቦታ ስላለ የሃርዲን ምሳሌ የወል ሀብትን ሁሉ ሊፈርድበት አይችልም።

፫. የኦስትሮም ስምንት መርሖች

ይህንኑ ስሕተት በብዙ አገሮች ማስረጃ ያረመችው አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፥ የጃፓንን የመንደር ደን፥ የእስፓኝንና የፊሊፒንስን የመስኖ ማኅበሮች መርምራ፥ ሰዎች ያለ መንግሥት ትእዛዝና ያለ ግል ይዞታ የወል ሀብታቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት ማስተዳደር እንደሚችሉ አሳየች። በ2009 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ከኦሊቨር ዊልያምሰን ጋር ተካፍላለች፤ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም እርሷ ናት።

ኦስትሮም ረጅም ዕድሜ ያገኙት ሥርዓቶች የሚጋሩአቸውን ስምንት መርሖች ዘርዝራለች። ወሰኑና ባለመብቱ ተለይቶ ይታወቅ፤ ደንቡ ከቦታው ጠባይ ጋር ይስማማ፤ ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች ደንቡን በመለወጥ ይካፈሉ፤ ጠባቂው ለተጠቃሚዎቹ ተጠያቂ ይሁን፤ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ደረጃ ይኑረው፤ ክርክር በቅርብና በትንሽ ወጪ ይታይ፤ መንግሥት የመደራጀት መብታቸውን ይወቅላቸው፤ ሀብቱ ሰፊ ከሆነም አስተዳደሩ በደረጃ ይያያዝ የሚሉ ናቸው። ጓሳን በእነዚህ መርሖች ብንመዝነው ብዙውን ያሟላል። ወሰኑ የታወቀ ነው፤ ባለመብቱ የታወቀ ነው፤ መዝጊያውና መክፈቻው የሣሩን ዕድገት የተከተለ ነው፤ ጠባቂዎቹም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ከኦስትሮም ጋር ክርክር የለኝም። ጥያቄዬ የሚጀምረው ከመጀመሪያው መርሕ ነው። ባለመብቱ ተለይቶ ይታወቅ ስንል፥ የሚለየው ማን ነው? የሚለየውስ በምን ሚዛን ነው? መጽሐፉ የሚጠይቀው ሥርዓቱ ዕድሜ አግኝቷል ወይስ አላገኘም ብሎ ነው። ወሰኑ በፍትሕ የተሰመረም ቢሆን በግፍ የተሰመረም ቢሆን፥ ጥርት ብሎ እስከ ታወቀ ድረስ በዚህ ቈጠራ ውስጥ እኩል ነጥብ ያገኛል። ይህን የምለው ደራሲዋ ተሳስታለች ለማለት አይደለም፤ የእርሷ ጥያቄ ስለ ዕድሜ ነበር፤ ላነሣችውም ጥያቄ በሚገባ መልሳለች። ስሕተቱ የእኛ ነው። የዕድሜን ጥያቄ መልስ ወስደን ለፍትሕ ጥያቄ መልስ እናደርገዋለንና።

ምሳሌዋን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ እናገኛለን። ቶርበል በምትባለው የስዊዘርላንድ መንደር በ1517 የወጣ ደንብ ማንም ሰው በክረምት ቀልቦ ሊያሳድራቸው ከሚችላቸው በላይ ላሞች ወደ ወሉ ተራራ እንዳያሰማራ ይከለክላል። ደንቡ እጅግ ብልህ ነው፤ ከብትን በሣር መጠን ይወስናልና። ነገር ግን ይህችው መንደር ከዚያ በፊት በ1483 በጻፈችው ሰነድ ከውጭ የመጣ ሰው በመንደሩ መሬት ቢገዛ እንኳ በወሉ ግጦሽ መብት እንዳይኖረው ወስናለች። አንዱ ደንብ ሣሩን ይጠብቃል፤ ሌላው ነባሩን ወገን ይጠብቃል። ሁለቱን ለይቶ የማያይ አንባቢ መንደሪቱን ያለ ልክ ያመሰግናታል።

፬. ስለ ጓሳ የተደረገው ጥናት

ወደ መንዝ ስንመለስ፥ ስለ ቄሮ ሥርዓት በሰፊው ከተጻፉት አንዱ ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊ ከናይጀል ሊደር ዊልያምስ ጋር «ሂውማን ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት በ2005 ያወጡት ጥናት ነው። ይህ ጥናት ትልቅ ውለታ ውሏል። የገበሬን ሥርዓት እንደ ተረት ሳይሆን እንደ አስተዳደር አድርጎ መዝግቧል፤ በቃል የኖረውን ደንብ ለሳይንስ አንባቢ አቅርቧል፤ ሥርዓቱ በፖለቲካ ለውጥ በተመታ ጊዜም ሕዝቡ አዲስ ድርጅት አቋቁሞ እንደ ተቋቋመው አሳይቷል።

ጥናቱ አንድ ነገርም ሳይደብቅ ተናግሯል፤ የቄሮ ሥርዓት ሌሎች ሊጠቀሙ የሚችሉ ማኅበረሰቦችን ያገለለ እንደ ነበረ ጽፏል። የእኔ ትችት ይህ ነገር በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ማግለሉ የቀረበው ሣሩን ለማዳን ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች እንደ አንዱ ሆኖ ነው፤ እንደ መክፈቻውና መዝጊያው፥ እንደ ተራ ጥበቃው ማለት ነው። መሣሪያ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መሣሪያው በሰው ላይ የሚያርፍ ስለ ሆነ፥ ያረፈበትም ሰው በታሪኩ ውስጥ ሊናገር ይገባው ነበር።

እስቲ ከወሰኑ ውጭ የቀረው ማን እንደ ሆነ እናስብ። የጓሳ መብት የተያያዘው ከርስት ጋር ነው፤ ርስት ደግሞ ከአንድ የጥንት አባት መወለድን ይጠይቃል። ርስት አንድ ታላቅ በጎነት እንዳለው የሚታወቅ ነው፤ በወንዱም በሴቷም በኩል ስለሚቈጠር ልጅቱ እንደ ወንድሟ ትወርሳለች። ነገር ግን ከዚያ ሐረግ ያልተወለደው ጢሰኛ፥ ከሌላ አገር መጥቶ የተጠጋው ሰው፥ በብዙው የሰሜን አገራችን ክፍልም ሸማኔው፥ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ርስት አልነበራቸውም። የእነርሱም ቤት ክዳን ይፈልጋል፤ የእነርሱም ምድጃ ማገዶ ይፈልጋል። ደግሞም ግዴታው በአባወራ ስለሚቈጠር፥ ማገዶውን በጀርባዋ የምትሸከመው ሴት በጉባኤው የምትታየው በአባወራው በኩል ነው። ሐምሌ 5 ለሁሉ የታወቀ ቀን ነበር፤ ነገር ግን ቀኑን ማወቅና ቀኑን መወሰን አንድ አይደሉም።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሁሉም ቢገባ ኖሮ ሣሩ ያልቅ ነበር፤ ሣሩ ካለቀ ደግሞ ለጢሰኛውም ለባለርስቱም የሚተርፍ የለም» ሊል ይችላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህም በትክክል መመለስ ያስፈልገዋል። ሣር መጠን ያለው ነገር ስለ ሆነ ገደብ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ገደብ በሸክም ቍጥር ሊሆን ይችላል፤ በቀን ሊሆን ይችላል፤ በጥበቃ ተራ ሊሆን ይችላል። ተራውን የጠበቀ ሰው ድርሻውን ይጨድ ቢባል ሣሩ አይጐዳም። በደም መገደብ ግን ሣሩ የጠየቀው ገደብ አይደለም፤ ሰው የጨመረው ነው። ሣሩ የአጫጁን አያት አይጠይቅም።

፭. በሩን የከፈተ፥ ዘበኛውን ያሰናበተ አዋጅ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የገጠርን መሬት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገው። ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይያዝ ወሰነ፤ መሬት መሸጥንና ማከራየትን ከለከለ፤ ጢሰኝነትንም አስቀረ። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአደባባይ የተሰማው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድምፅ ስለ ነበረ፥ የዚህ መጽሔት አንባቢ ይህን አዋጅ የሩቅ ታሪክ አድርጎ ሊያየው አይገባም።

ለጓሳ አዋጁ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አደረገ። የትውልድ ሐረግን መብት ስለ ሻረ፥ ውጭ ቆሞ ለኖረው ሰው በሩን ከፈተለት፤ ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን አባ ቄራውን፥ ተራ ጥበቃውንና ቅጣቱን የያዘው ያው የባለርስቶች ሥርዓት ስለ ነበረ፥ በሩን የከፈተው እጅ ዘበኛውንም አሰናበተው። ሣሩና ቍጥቋጦው ከመጠን በላይ መወሰድ ጀመረ። የሃርዲን እረኛ በመንዝ የታየው ያን ጊዜ ነው፤ በወሉ ዘመን አልነበረም። የወሉ ውል ከፈረሰ በኋላ መጣ።

የአዋጁ ሌላ ጕድለት በመጠን ላይ ነው። የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ 800 ሄክታር በሆነ ቦታ ላይ እንዲሆን ተደንግጓል። ጓሳ ግን ወደ 10,000 ሄክታር የሚደርስ አንድ ቦታ ነው። የቄሮ ሥርዓት ስፋቱን የወሰደው ከሣሩ ነበር፤ ሣሩ እስካለበት ድረስ አንድ ደንብ አለ። የገበሬ ማኅበሩ ስፋት ግን የተወሰደው ለመላው አገር ከወጣ አንድ ቍጥር ነው። ቍጥሩ ለእርሻ መሬት የሚስማማ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ አንዱን ደጋ ለብዙ ማኅበር ቢከፋፍሉት ግን አንዱ የዘጋውን ሌላው ይከፍተዋል።

እንግዲህ አራቱ ቃላት እንዴት እንደሚጣሉ ከዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። የቄሮ ሥርዓት ግልጽ፥ በአገሩ ሰው የተመራና ዘላቂ ነበር፤ ሁሉን ያካተተ ግን አልነበረም። አዋጁ ሁሉን ያካተተ ነበር፤ ነገር ግን የአገሩ ሰው አልመራውም፤ ለሣሩም ዕድሜ አልሰጠውም። ባለርስቱን ብቻ የጠየቀ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ዘመን ወርቃማ ነው ይላል። ጢሰኛውን ብቻ የጠየቀም ሁለተኛውን ዘመን ወርቃማ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ሁለቱም ግማሹን ነው የተናገሩት።

፮. እድርና መዝገቡ

የመንዝ ሰዎች ነገሩ ሲበላሽ ዝም ብለው አላዩም። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት እንደሚገልጸው፥ ሀብቱ እየቀነሰ መሄዱን ባዩ ጊዜ ለአዲሱ የፖለቲካ ሥርዓት የሚስማማ አዲስ ጉባኤ አቋቋሙ፤ እድርም አሉት። ስሙ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። ባላባትነትን የሚያስታውስ ስም በዚያ ዘመን አደጋ ነበረው፤ እድር ግን ማንንም አያስፈራም። ከዚህም በላይ እድር በትውልድ የሚገቡበት ሳይሆን በመኖርና በማዋጣት የሚገቡበት ማኅበር ነው። ስለዚህ ስሙን መለወጥ የበሩን ሚዛን ወደ መለወጥ የሚወስድ እርምጃ ነበር። ለእኔ ከጓሳ ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚደነቀው ይህ ነው። የአገሩ ሰዎች አሮጌውን ሥርዓት እንዳለ አልመለሱም፤ አዲሱንም እንዳለ አልተቀበሉም፤ ከሁለቱ የሚያስፈልጋቸውን ወስደው ሌላ ሠሩ።

ነገር ግን እድርም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። የእድር ጥንካሬው መዝገቡ ነው። ሁሉም የሚያዋጣው ገንዘብ የታወቀ ነው፤ ገንዘብ ያዡ የታወቀ ነው፤ ሒሳቡም በአባላት ፊት ይነበባል። ድካሙ ደግሞ መዋጮ ለመክፈል ያልቻለውን ሰው መዝገቡ ራሱ የሚሰርዘው መሆኑ ነው። ርስት በአያት ያገለል ነበር፤ እድር ደግሞ በኪስ ሊያገል ይችላል።

ከሣር ወደ ገንዘብ የመጣው ለውጥም ሌላ ችግር ያስከትላል። ሣር የሚሸሸግ ነገር አይደለም። ከተራው ውጭ ሁለት ሸክም የተሸከመ ሰው በመንገድ ላይ በሁሉ ዓይን ይታያል። እንዲህ ያለ ቦታ ጎብኚ ሲመጣለትና ረጂ ድርጅት ሲያግዘው ግን ከሣሩ ሌላ የሚከፋፈል ገንዘብ ይመጣል፤ ገንዘብ ደግሞ በጀርባ አይታይም። በቀድሞው ዘመን ግልጽነት ከነገሩ ጠባይ የተገኘ ነበር፤ በገንዘብ ዘመን ግን በድካም የሚገኝ ነው። ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ገንዘቡን ለሰጠው ድርጅት ከተላከ፥ ግልጽነቱ ለሰጪው እንጂ ለባለቤቱ አይደለም። ለባለቤቱ ግልጽ የሚሆነው በገበያ ቀን ወይም ከቅዳሴ በኋላ፥ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ፥ ጠያቂ በተገኘበት የተነበበ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

፯. ማጠቃለያ

አበው «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ። ከዋና ከተማ ወይም ከባሕር ማዶ ዕቅድ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህ ተረት ተገቢ ተግሣጽ ነው። ነገር ግን ተረቱ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ባለቤቱ ማን ነው? የመንዝ ታሪክ እንደሚያሳየው ባለቤቱ እኔ ነኝ ብሎ በቅድሚያ የሚነሣው ሰው ብቻውን ባለቤት ላይሆን ይችላል። ከበስተኋላው ዝም ብሎ የቆመም አለ።

ስለዚህ «በሕዝብ የተመራ ልማት» የሚል ጽሑፍ ወይም ሪፖርት በቀረበልን ጊዜ ሦስት ነገር እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ቀኑ ነው፤ ደንቡን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በሚያውቀው ቀንና ምልክት ተገልጿልን? ሁለተኛው መዝገቡ ነው፤ ሒሳቡ የሚነበበው ለማን፥ በምን ቋንቋ፥ በየትኛው አደባባይ ነው? ሦስተኛው በሩ ነው፤ ያልገባው ማን ነው፤ ያልገባውስ በምን ምክንያት ነው፤ ሣሩ ስለማይበቃ ነው ወይስ አባቱ ሌላ ስለ ሆነ? ሃርዲን ከሦስቱ አንዱንም አልጠየቀም። ኦስትሮም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንድንጠይቅ አስተምራናለች። ሦስተኛው ግን ለእኛ የተረፈ ሥራ ነው።

በዚህ ኮሌጅ የምንማር ወጣቶች ለጥናት ወደ ገጠር በወጣን ጊዜ በመጀመሪያ የሚቀበለን ሊቀ መንበሩ፥ ቄሱና ሽማግሌው ነው። አክብረው ያስቀምጡናል፤ የምንጠይቃቸውንም በትዕግሥት ይነግሩናል፤ እኛም ያሉንን ጽፈን «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ብለን እንመለሳለን። የነገሩን ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ከጉባኤው ጥላ ውጭ ማገዶዋን ተሸክማ የምታልፍ ሴት፥ ከመንደሩ ዳርም መጥረቢያ የሚሞርድ ቀጥቃጭ አለ። ቆም ብሎ እነርሱን መጠየቅ የሚጨምረው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያን ግማሽ ቀን ካልሰጠን፥ ስለ ባለቤቱ የምንጽፈው ሁሉ ስለ ግማሹ ባለቤት ብቻ ይሆናል።